ለሁመድ ግመል ያበላሁት ገራባ

ይህን ለሚስቴም ለሸሁም ተንፍሼ አላውቅም። አንባቢዬ፣ ላንተ ግን ልናገር፤ ስማኝና ፍረድ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ከወሎ ወርጄ መልካ ወረር ጥጥ እርሻ ላይ ለለቃሚዎች ውኃ አቀርብ ነበር፤ የሚከፈለኝም ባመላለስኩት ልክ ነው። ሁመድ የሚባል አፋር ወዳጄ ከብቶቹን ይዞ ሣር ፍለጋ ሲሄድ አንዲት ግመሉን አደራ ሰጠኝ። ውኃ ልጭንባት ተስማማን። በፉጨት የምትመጣ ገራም ነበረች።

እኔ ጫት እቅማለሁ። አንድ ቀትር ሐሩሩ አድክሟት ብትተኛ የተረፈኝን ገራባ አጎረስኳት። ተነሳች። ያን ቀን ከወንዝ እርሻ ስትመላለስ ድካም አላየሁባትም። ደስ አለኝ፤ በማግስቱም ሰጠኋት። እኔ ነኝ ያስለመድኳት፣ እኔ! እሷ ምን ታውቃለች? ውሎ አድሮ ገራባው አልበቃት አለ፤ ደህናውን ቅጠል ጨመርኩላት። ካላገኘች አትነሳም። ካገኘች አታርፍም፤ ራሷን ስትወዘውዝ፣ ገመዷን ስታኝክ ትውላለች። ጣሳ ከእጄ ቢወድቅ እንኳ ትበረግጋለች። ይህን እያየሁ አበላኋት። ስስት ካልሆነ ምን ይባላል?

ሁመድ ከዝናቡ በኋላ መጣ። አፋር ሲገናኝ ዳጉ ይቀመጣል፤ ያየውን የሰማውን ሳይደብቅ ይነግራል። በዳጉ የዋሸ ከሰው አይቆጠርም። ሁመድ እንደ ወገኑ ቆጥሮኝ ከጎኑ አስቀመጠኝ።

"ግመሌስ?" አለኝ።

"ሰላም ናት። ምንም አላየሁባትም።"

እውነቱን ብነግረው ይጠነቀቃት ነበር። አፈርኩና ዋሸሁ።

ተረክቧት ሲሄድ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ጥሩንባ ሰምታ በረገገች፤ ሁመድን ረገጠችው። እግሩ ተሰብሮ አንካሳ ሆኖ ቀረ፤ ከመንጋ ኋላ መሄድ አከተመለት። ያቺን እንደ ልጁ የሚያያትን ግመል በገዛ እጁ አረዳት። ልጠይቀው ብሄድ ምን አለኝ መሰለህ?

"አንተ ጋ ደህና ነበረች፤ እኔ ጋ ስትመጣ ጂን አገኛት።"

"አላህ ያውቃል" አልኩ። የአላህን ስም ለመደበቂያ ጠራሁት።

ሁመድ ይህንኑ ለመጣ ለሄደው በዳጉ ተናገረ። ወሬው ሸለቆውን አዳረሰ፤ ከሩቅ ድረስ ሰዎች "ታማኙ" እያሉ ግመሎቻቸውን አደራ ይሰጡኝ ጀመር። ተቀበልኳቸው። ጫት አላበላኋቸውም፤ ግን ስሙን ተቀበልኩ፤ በስሙም ኖርኩበት።

ሁመድ ሞቷል። አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን በባለቤቱ እጅ ነው። አፉ በለኝ ልልህ ነበር የጀመርኩት። ግን እግሩም ግመሏም ያንተ አልነበሩም።