ይሉኝታ ያስወለወለው ደረጃ

በዚያ ሰፈር ሸሚዝ ለብሶ እትዬ ካውያን የማያውቅ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት፤ ስሟንም ያወጣላት ሥራዋ ነው። ባሏን ደግሞ ጋሽ ሊፍት ይሉታል። በከተማው ያሉ የረጃጅም ሕንጻዎችን ሊፍት ሲጠግን የሸበተ ሰው ነው። ስንቱን ሹም፣ ስንቱን ነጋዴ፣ ስንቷን እርጉዝ ሽቅብ ሲያወጣና ቁልቁል ሲያወርድ ኖሮ፣ ራሱ የሚኖረው ሊፍት በሌለው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጤነኛ ሳለ ይህን እንደ ቀልድ ያወራው ነበር። ስትሮክ መትቶት እግሮቹ ከከዱት ወዲህ ግን ቀልዱ ጨው አነሰው።

የሚኖሩበት ሕንጻ ድሮ ቴሌግራፍ ቤት ነበር። ቴሌግራፉ ከሞተ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አልተቀበረም። ከታች ያለውን ሰፊ አዳራሽ ሸረሪት ተከራይቶታል። መሃል ላይ ልብስ ሰፊዎችና አንድ የጥርስ ሐኪም አሉ፤ ከላይ እነ እትዬ ካውያ። ሁሉንም የሚያገናኛቸው አንድ ጠመዝማዛ የእንጨት ደረጃ ነው፤ ጥቁር፣ ጠባብ፣ አንድም ምስማር ያልገባበት። ሁለት ሰው ከተገናኘበት አንዱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ «ይለፉ» ማለት አለበት። ጋሽ ሊፍትን በዚያ ለማውረድ ጎረምሳ ያስፈልጋል፤ ጎረምሳ ቢገኝም እሺ ማለት አለበት። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ሲሄድ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ካወረዱት ተሸካሚዎች አንደኛው ወገቡን ይዞ ሲያቃስት አየና፣ «ሁለተኛ እንደ ቁም ሳጥን አታንከራቱኝ» ብሎ አመረረ። ከዚያ ወዲህ መሬት የሚያየው በመስኮት ነው።

ሙያተኛ ነውና መላ አላጣም። በመስኮቱ በኩል ትንሽ ማውረጃ ልስቀል፣ ሞተሩን ካሮጌ ሊፍት አገኛለሁ ብሎ ሚስቱን ወደ ማዘጋጃ ቤት ላካት። «ሊፈርስ ለታሰበ ቤት ምን አደከማችሁ?» ብለው መለሷት።

እውነትም ሊፈርስ ሆነ። አንድ ባለሀብት ቦታውን ወሰደው፤ በምትኩ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ሊያቆምበት። ለተከራዮች ምትክ ቤት ተዘጋጀ። ለእነ እትዬ ካውያ የደረሳቸው ደግሞ በሩ መሬት ላይ የሚከፈት፣ ከፊቱ መዳፍ የምታህል ግቢ ያለችው ቤት ነው። ሄዳ አየችው። ወንበሩ የት እንደሚቀመጥ፣ የጠዋት ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባ አይታ፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቶ ተመለሰች።

«በሩን ስትከፍተው መሬት ነው» አለችው።

«መሬት?» አላት። «እስቲ አስታውሺኝ፣ ምን ዓይነት ነገር ነበር?»

ሳቁ። ያን ቀን ብዙ ሳቁ። ሲመሽ ግን ጋሽ ሊፍት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ፤ እሷም እንዳላየች ሆና ሸሚዝ ስትተኩስ ቆየች።

ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ መጡ። የአርክቴክቸር ተማሪዎች ናቸው። «ታሪክ አይፈርስም!» የሚል ቲሸርት ለብሰው፣ የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዘው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕንጻውን ከበቡት። መሪያቸው መነጽር ያደረገች ቀጭን ልጅ ናት፤ ድምፅ ማጉያው ቢቀርም ከሁለት መንገድ ማዶ የምትሰማ። ክፉ ልጅ አይደለችም። ይህን ከወዲሁ መናገር ይሻላል፤ ክፉ ብትሆንማ ነገሩ ሁሉ በቀለለ ነበር። አሮጌ ነገር የምትወድ፣ ለወደደችው የምትሟገት፣ ምሳዋን ረስታ የምትውል ልጅ ናት። ደረጃውን ያየች ዕለት እንባዋ መጣ። እየዳበሰችው ሽቅብ ወጣችና የእትዬ ካውያን በር አንኳኳች።

«እማማ፣ ይህን ደረጃ እንዲህ አድርጎ የያዘው ማነው?»

«ማን አለ ልጄ፣ እኔው ነኝ። አልፎ አልፎ ሰም አስነካዋለሁ።»

«ታሪክ እኮ ነው ሲጠብቁ የኖሩት!»

«ኧረ እኔስ አቧራ የማራግፍ ነው የመሰለኝ።»

ከኋላዋ የነበሩት ልጆች ሁሉ ገቡ። ሻይ ተፈላ፤ ወንበር አልበቃ ብሎ አንዳንዱ የሚተኮስ ልብስ ክምር ላይ ተቀመጠ። ባለመነጽሯ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ጠየቀች።

«እርስዎም ከዚህ ቤት መውጣት አይፈልጉም፣ አይደል እማማ?»

መናገር እዚህ ላይ ነበር። እትዬ ካውያ አፏን ከፈተች። ልጆቹ ዓይን ዓይኗን ያያሉ። ቤቷ የመጣ እንግዳ፣ ለዚያውም የሰው ልጅ፣ ለዚያውም ለእሷ ብሎ ፀሐይ ሲመታው የዋለ። ምን ብላ «ተዉኝ ይፍረስልኝ» ትበል?

«እንዴት ብዬ እፈልጋለሁ ልጄ» አለች።

ጋሽ ሊፍት አልጋው ላይ ሆኖ እስኪያስለው ሳቀ። ልጆቹ የደስታ ሳቅ መሰላቸውና አብረውት ሳቁ። ከወጡ በኋላ፣ «ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ አንቺ ግን ዝም እንኳ ማለት አቃተሽ» አላት። እሷም ብርጭቆ ስታጥብ አመሸች።

ሳምንቱ ሳያልቅ ፎቶግራፏ በየግድግዳው ተለጠፈ። ከሥሩ «የቅርሱ እናት» ይላል። ልብስ ሊያስተኩስ የመጣ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይላታል። እሷም አብራ ደስ ይላታል፤ ምን ታድርግ፣ ሰው በፊቷ ደስ ብሎት እሷ መከፋት አትችልበትም። እናቷ ያስተማረቻት እንደዚያ ነው፤ እናቷንም እናቷ።

ጉዳዩ ወደ ገምጋሚ ኮሚቴ ሄደ። ሕንጻው ተበላሽቶ ካገኙት ይፈርሳል፤ ደህና ሆኖ ካገኙት ይቆያል። ይህን የነገራት የባለሀብቱ ኢንጂነር ነው። ኮፍያውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ልጅ ተለማመጣት።

«እትዬ፣ ውሸት ተናገሩ አልልዎትም። ደረጃውን ይስበሩም አልልዎትም። ኮሚቴው መጥቶ እስኪሄድ ብቻ አይጥረጉ።»

«ይህማ ምን ችግር አለው? አልጠርግም» አለችው። ከልቧ ነበር። በዓለም ላይ አለመጥረግን የመሰለ ቀላል ሥራ ምን አለ?

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቻለችው። የልብስ ሰፊዎቹ ክር ደረጃው ላይ ተነጠፈ፤ የጥርስ ሐኪሙ ደንበኞች ጭቃቸውን አራገፉ። እሷ ስትወጣም ስትወርድም ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ነው፤ አንዴማ እንደዚያ ስታይ ልትወድቅ ነበር። ኮሚቴው ነገ ይመጣል የተባለ ዕለት አመሻሹ ላይ ግን ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ስትመለስ፣ ከታች የመጀመሪያዋ ደረጃ ላይ ዓይኗ አረፈ። የሙዝ ልጣጭ አለ። ትላልቅ ሰዎች፣ ክራቫት ያሰሩ፣ ከዚህች ሊጀምሩ ነው። «ሴት የለም እንዴ እዚህ ቤት?» ይላሉ። ፎቶግራፏ ደግሞ ውጭ ተለጥፏል። «የቅርሱ እናት ይቺ ናት?» ይላሉ።

ልጣጩን ብቻ አነሳች። ልጣጩ የነበረበት ቦታ ላይ እድፍ ታየ፤ እድፉን ብቻ አበሰች። የታበሰው ሲያበራ ቀሪው ደረጃ ይበልጥ አስጠላ፤ እሱን ጨርሳ ብቻ ልትተወው አሰበች። የመጀመሪያው ንጹሕ ሲሆን ሁለተኛው ከእሱ በላይ ቆሞ የሚያሽሟጥጥ መሰላት።

ጋሽ ሊፍት ከላይ ብሩሹን ሰማው። ዕድሜውን ሙሉ በጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሊፍት በድምፁ ሲለይ የኖረ ሰው ነውና፣ ብሩሹ እየቀረበ መሆኑን ለማወቅ አልተቸገረም።

«አንቺ ሴት! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ምንም! አንዷን ብቻ ነው!»

«አንዷ ጥርስ ሐኪሙ በር ደርሳለች!»

«አሁን ልተወው ነው!»

አልተወችውም። ሰሙን ቀባች፣ በጨርቅ ፈተገች፣ የእጅ መደገፊያውን እንደ ሙሽራ ጫማ አብረቀረቀችው። እያለቀሰች ነው የምትወለውለው። የምትሠራውን ታውቃለች፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። የመጨረሻዋ ደረጃ ላይ ስትደርስ ባሏ በተከፈተው በር በኩል ቁልቁል አያት። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች።

«በግራ በኩል ትንሽ ቀርቶሻል» አላት። እሱም ሥራ በጅምር ሲቀር ማየት የማይችል ሰው ነው።

ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው መደገፊያውን በመዳፉ ዳበሰ፤ መዳፉን ገልብጦ አየው፤ አንዲት ብናኝ የለችም። «ይህ ሕንጻ የሚወደው ሰው አለው» ብሎ ጮክ አድርጎ ተናገረ። ኢንጂነሩ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። እትዬ ካውያ በበሯ ስንጥቅ አየችው፤ በጣም አሳዘናት። ይቅርታ ልትጠይቀው ብትፈልግም ኮሚቴው ፊት አፈረች።

ሕንጻው ቅርስ ተባለ፤ ባለሀብቱ ሌላ ቦታ ተሰጠው፤ ምትክ ቤቱም ቀረ። እትዬ ካውያ እንደገና ማዘጋጃ ቤት ሄደች። እንግዲህ የማይፈርስ ከሆነ ያቺን የመስኮት ማውረጃ ትፈቅዱልናላችሁ? «እናቴ፣» አሏት በታላቅ አክብሮት፣ «ቅርስ ላይ ምስማር አይመታም።» የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሃል ይህ ነው፤ የእሷስ የባሰው፣ ቆጡ ላይ ያለውም አልወረደ።

ተማሪዎቹ የድሉን ቀን በሕንጻው ደጃፍ አከበሩ። ባለመነጽሯ ልጅ እየሮጠች ወጥታ፣ «አባባም መውረድ አለባቸው፤ ያለ እሳቸው አንጀምርም!» አለች። ጎረምሶች ተጠሩ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ወንበሩን ይዘው፣ ሦስተኛው በመደገፊያው ተንጠላጥሎ፣ ጋሽ ሊፍትን እየሳቁ አወረዱት። እንደ ቁም ሳጥን አታንከራቱኝ ያለው ሰው፣ ፀሐዩን ሲያይ ማማረሩን ረሳው።

ያ ቀን ጥሩ ቀን ነበር፤ በቀልድ ልናልፈው አይገባም። ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀስና ፎጣውን ይዞ መንገድ ተሻግሮ እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለ ጢሙን ላጨው። የድሮ ባልደረባው በታክሲ ሲያልፍ አይቶት ወርዶ አቀፈው። ጋሽ ሊፍት ጫማውን አስወልቆ እግሩን አፈሩ ላይ አስቀመጠ። እግሩ ባይሰማውም፣ ዓይኑ እግሩ መሬት ላይ መሆኑን አየ። እትዬ ካውያ ከንግግሩ አንድ ቃል አልሰማችም፤ እሱን ስታይ ነው የዋለችው።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ንፋስ መጣ። ሰው ተበተነ። ተማሪዎቹ ለራት ሊሄዱ ሲሰናዱ ባለመነጽሯ አባባን አስታወሰች፤ ጥሩ ልጅ ናት ብያለሁ። ጎረምሶቹ ወንበሩን አነሱ። ሽቅብ እንደ ቁልቁል አይቀልም። የደረጃው ሁለተኛ ዙር ላይ ከኋላ ያለው ልጅ እግሩ ተንሸራተተ፤ በሰም ያበራ ደረጃ ነው። ወንበሩ ዘመመ፣ ጋሽ ሊፍት በአንድ እጁ አየር ጨበጠ፣ የወንበሩ እግር መደገፊያውን ፋቀው።

«ደረጃውን!» ብላ ጮኸች ባለመነጽሯ ከታች። «ደረጃውን ተጠንቀቁ!»

ልጅቷ ራሷ የተናገረችውን ሰምታ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አውርዱት» አለች እትዬ ካውያ።

«እማማ፣ ደህና ናቸው፣ ትንሽ ነው የቀረን...»

«አውርዱት አልኩ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት እሷም አታውቅም ነበር። አወረዱት። የአዳራሹ በር ፊት ወንበሩን አቆሙት። ልጆቹ ያፈሩ ዓይኖቻቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ አጡ።

«እኔ ይህ ቤት እንዲፈርስ ነበር የምፈልገው» አለች። «መሬት ላይ ያለ ቤት ደርሶን ነበር። እሱ በደጁ ፀሐይ ሊሞቅ ነበር።»

ባለመነጽሯ መነጽሯን አወለቀች። «ለምን አልነገሩንም?»

«እንግዳ ነበራችኋ።»

ልጅቷ አለቀሰች። እትዬ ካውያ ልታባብላት እጇ ተነሳ፤ ከዚያ እጇን መልሳ ጉያዋ ከተተችው።

«ዛሬ ወደ ላይ አይወጣም» አለች። «ነገም አይወጣም። ይህ አዳራሽ መሬት ላይ ነው።»

«እሱ እኮ ለኤግዚቢሽናችን ነው የተሰጠን» አለ አንዱ ጎረምሳ፤ ባለመነጽሯ ግን ዓይኗን እየጠረገች ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ በሩን መክፈት ጀምራለች። በሩ ሲከፈት የአቧራ ሽታ መጣ። ጋሽ ሊፍት ውስጡን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ሚስቱን አየ።

«ይበርዳል ይሄ» አለ በመጨረሻ። «ብርድ ልብሱ ግን ላይ ነው ያለው።»

እትዬ ካውያ ደረጃው ሥር ቁጭ አለች። ልጆቹ ተያዩና እየተጋፉ ሽቅብ ሮጡ። እሷም «ተዉት ልጆቼ፣ እኔ አመጣዋለሁ» አላለቻቸውም።