ያሸሸሁት እግር

አርብ ንጋት፣ ባሕር ዳር

መናኸሪያ የደረስሁት ገና ወገግ ሳይል ነው። ረዳቱ «ዳንግላ! እንጅባራ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ገብቼ ሳይ መኪናው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። «ሁለት ሰው የቀረው» ሲባል ቆይተን ቆይተን ፀሐይ ወጣችና ሞላን። አንድ ሽማግሌ «መንገዱ ክፍት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሾፌሩ መስተዋቱን እየወለወለ «እስከ ትናንት ማታ ክፍት ነበር» አላቸው። ሽማግሌው አማተቡ፤ ተነሣን።

እኔ ጋቢና ነኝ። መርዓዊን አልፈን መንገዱ ቀጥ ሲል ሾፌሩ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። ስለ ሕክምና ምርምር የምጽፍ ሰው ነኝ፣ አሁን የምሄደው አዊ ውስጥ ለእግር እብጠት ስለሚሰጠው ሕክምና ልጽፍ ነው አልሁት።

«ዝሆኔ?» አለ ፊቱን አጨፍግጎ። «ዋ! ተጠንቀቂ፤ ይጋባል ይላሉ።»

ይህን ነበር የምጠብቀው። ወደ ኋላ ዞር ብዬ፣ መኪናው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ አስተማርሁት። የዚህ አገሩ ዝሆኔ እንደ ሌላው በትል የሚመጣ አይደለም፤ ቀዩ አፈር ውስጥ ያለ ደቃቅ ነገር ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ እየገባ ነው የሚያመጣው። አብረህ ብትበላ፣ አብረህ ብትተኛ፣ ብትነካው አይይዝህም። ሰውን ያገለለው በሽታው ሳይሆን ወሬው ነው። ኋላ ያሉት ሽማግሌ «ትምህርት ደግ ነው» አሉ። ደስ አለኝ። ያን ደስታዬን አሁን ሳስታውሰው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ዳንግላ፣ ቁርስ

ሾፌሩ ለቁርስ አቆመልን። መንገደኛ ነኝ ብዬ ጾሙን ትቼዋለሁ፤ እንቁላል ፍርፍር በቃሪያ፣ ከምድጃ የወጣ ዳቦ፣ ሻይ። ዋጋው ባለፈው ስመጣ ከከፈልሁት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ምነው ብዬ አስተናጋጁን ብጠይቀው «ዶሮዋን ጠይቂያት እንጂ፣ እኔ መቼ ጣልሁት» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚህ ጉዞ በፊት ስለ ብርቅ በሽታዎች ሳነብ ነበር የከረምሁት። በዓለም ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚይዙ ሕመሞች፣ የአንዱ መርፌ ዋጋ ፎቅ ስለሚያሠራ መድኃኒት። አሁን ልጽፍበት የመጣሁት ሕክምና ደግሞ ሳሙና ነው። ሳሙና፣ በረኪና ጠብ የተደረገበት ውሃ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲ፣ ጫማ። መጀመሪያ ስሰማ «ለመታጠብ ደግሞ ምን ምርምር ያስፈልገዋል?» ብዬ ነበር። ያስፈልገዋል። በሕክምና «ይጠቅማል» ስለተባለ ብቻ አይታመንም። ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ዛሬ ይጀምራል፣ ሌላው ተራውን ጠብቆ በኋላ ያገኛል። በመካከሉ የእግሩ ሕመም እየተነሣበት በትኩሳት አልጋ ላይ የሚወድቀው ማን እንደሆነ ይታያል። ፋታ ያገኙት የሚታጠቡት ናቸው። እብጠቱ ፈጽሞ ባይጠፋም ሰው ተነሥቶ ይሠራል፣ ገበያ ይወጣል፣ ከሰው ይቀላቀላል።

ይህን ሁሉ አምናለሁ። ስጽፈውም አምኜ ነው።

እንጅባራ፣ ረፋድ

ሽማግሎቹ ዛሬም ቆሰበር የሚሏት እንጅባራ በብርዷ ተቀበለችኝ። ባጃጆቹ ሸራቸውን አውርደው ይበራሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ዘግተው ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ይበላሉ። እኔም በላሁ። ሲስተር በላይነሽ እዚያው ድንቹ ጋ አገኘችኝ። እዚህ በተካሄደው የእግር እጥበት ምርምር ውስጥ የሠራች፣ ምርምሩ ካለቀ በኋላም ታማሚዎቹን ትታ መሄድ ያቃታት ነርስ ናት።

ወደ ግምጃ ቤት በሚኒባስ ሄድን። መንገዱ ዳርና ዳር ለከሰል የሚያለሙት፣ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ተተክሎ፣ ግርጌው ከሰል የሞላ ማዳበሪያ ተደርድሯል። ከግምጃ ቤት ጋሪ ያዝን። ጋሪው ላይ ነው በላይነሽ ነገሩን የነገረችኝ።

«ቤቷ የምንሄደው ወይዘሮ አንጓች ዕጣዋ ከኋለኞቹ ነበር የወጣው። ጎረቤቶቿ ሲሻላቸው እያየች ተራዋን ጠበቀች። አሁን እግሯ ቀንሷል፣ ሽታው ጠፍቷል፣ ጫማ ገብቶላታል። አሁን የቀራት የልጇ ነገር ነው።»

ልጅቱ ስመኝ ትባላለች። አያ ፈንታ የሚባሉ የሰፈሩ ሰው ልጅ «ከስመኝ ሌላ አላገባም» ብሏል። አያ ፈንታ ደግሞ ይጋባል፣ ዘርም ነው ብለው ሽማግሌ አልልክም ብለዋል።

«ዘርስ ነው?» አልኋት።

«በቤተሰብ ይደጋገማል፣ አልዋሽሽም። ቆዳው ቶሎ የሚሸነፍ ሰው አለ። ግን ከልጅነቱ ጫማ አድርጎ፣ እግሩን ታጥቦ ያደገ አይይዘውም። ስመኝ ደግሞ ጫማ ሳታደርግ ደጅ ወጥታ አታውቅም፤ እናቷ አትፈቅድላትማ።» ጋሪው ሲንገጫገጭ ጠርዙን ይዛ ቀጠለች። «ዛሬ አያ ፈንታን ጠርታቸዋለች። አንጓች እግሯ ካበጠ ጀምሮ የእንግዳ እግር አጥባ አታውቅም፤ በልጇ ነበር የምታሳጥበው። ዛሬ ያንቺን እግር ራሷ ልታጥብ ነው። እኔንማ የለመዱኝ ነርስ ነኝ። ከሩቅ የመጣ የተማረ ሰው እግሩን ሲሰጣት አያ ፈንታ ካዩ ልባቸው ይመለሳል ብላ ነው። ምንም አይደለም አይደል?»

«ኧረ ክብሬ ነው!» አልሁ። አልተገደድሁም፣ አልተታለልሁም፤ ተነግሮኝ ነው የገባሁት።

ወይዘሮ አንጓች ቤት፣ ከቀትር በኋላ

ከጋሪው ወርደን ጥቂት በእግር ሄድን። ቀዩ ጭቃ ጫማዬን ይዞ አልለቅም ይላል። ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን፣ የቀርከሃ አጥር ነው። አያ ፈንታ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ዱላቸው በጉልበታቸው መካከል ቆሟል። ወይዘሮ አንጓች አርባዎቹን ያለፉ፣ ፊታቸው ሳቂታ ሴት ናቸው። ለእግራቸው ልክ የተሠራ ጥቁር ጫማ አድርገዋል። ሲራመዱ ጫማውን ሰው እንዲያይላቸው የሚፈልጉ ይመስላሉ።

ሳፋው መጣ። ስመኝ የሞቀ ውሃ በጆግ ይዛ ቆመች። ወይዘሮ አንጓች እንደምንም ተንበርክከው እግሬ ሥር ተቀመጡ።

«ኧረ ይተዉ፣ እናቴ!» አልሁ። ደንብ ነው፤ እንግዳ እንዲህ ይላል።

«በሞቴ!» አሉ። ይህም ደንብ ነው።

ተረከዜን ያዙ። እጃቸው ሙቅና ሻካራ ነው። አውራ ጣታቸው በእግር ጣቶቼ መካከል ገባ፤ ራሳቸውን ለማጠብ እንደ ተማሩት መሆኑ ነው፣ አንድም ስንጥቅ እንዳይቀር። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ይህ እጅ ዛሬ ጠዋት ያን እግር ያጠበ እጅ ነው የሚል ሐሳብ። ሐሳቡን እንኳን ሳልጨርሰው፣ እግሬ ከእጃቸው ተመንጭቆ ወንበሩ ሥር ገብቷል። ሳፋው ተገለበጠ። ውሃው በወለሉ ላይ እየፈሰሰ ከአያ ፈንታ ዱላ ሥር ደረሰ።

«አቃጠለኝ» አልሁ። «ውሃው… አቃጠለኝ።»

ውሃው ለብ ያለ ነበር። ስመኝ ጆጉን እንደ ያዘች ደርቃ ቀረች። ወይዘሮ አንጓች ሳፋው ውስጥ በቀረችው ውሃ ጣታቸውን ነከር አደረጉና «እውነቷን ነው፣ ፈልቶባታል» አሉ። በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ልጃቸው ዕድል ላይ፣ የእኔን ውሸት ሸፈኑልኝ።

አያ ፈንታ በአገውኛ አጠር አድርገው የሆነ ነገር ተናገሩ። እኔ አገውኛ አንድ ቃል አላውቅም። «ምን አሉ?» አልኋት በላይነሽን። «ዝናብ ሊመጣ ነው አሉ» አለችኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ጋቢያቸውን አጥፈው ተነሡና ወጡ። እንጀራ ቀረበልን፤ ወይዘሮ አንጓች «ብዪ እንጂ ልጄ፣ መንገደኛ ነሽ» እያሉ ያጎርሱኝ ነበር። ጉርሻውን በልቼዋለሁ። በዚያው እጅ ነው።

እንጅባራ፣ አመሻሽ

በላይነሽ እስከ ሆቴሉ በር ድረስ ሸኘችኝ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆለፍሁና በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር እግሬን በሳሙና መታጠብ ነው። ጭቃውን ላስለቅቅ ነው ብዬ ጀመርሁ። ጭቃው ለቅቆም ማጠቤን አላቆምሁም። በመጨረሻ በእጄ ያለውን ሳሙና አየሁት፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በራሴ አፈርሁ። ማንም አያይም ብዬ እንኳን አልተጽናናሁም፤ እኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ግምጃ ቤት ገበያ

ጠዋት በላይነሽን ፈለግኋትና አያ ፈንታ ዘንድ ውሰጂኝ አልኋት።

«ምን ልትያቸው?»

«እውነቱን።»

«እውነቱንማ በዓይናቸው አይተውታል» አለች። ግን ወሰደችኝ።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ድንቹ፣ ገብሱ፣ የማር ቅሉ፣ የቀርከሃ ወንበሩ። ከብት ተራውን አልፈን ፈረሶቹ ጋ ደረስን። አያ ፈንታ የአንድ ዳማ ፈረስ የኋላ እግር ጭናቸው ላይ አድርገው ኮቴውን ይመረምራሉ። ቀና ብለው አዩንና ወደ ኮቴው ተመለሱ።

«አያ ፈንታ፣ ትናንት ውሃው አላቃጠለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ፈርቼ ነው። እንደማይጋባ አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ፣ ጽፌዋለሁ፣ ትናንት ጠዋት ደግሞ አንድ መኪና ሙሉ ሰው አስተምሬበታለሁ። እያወቅሁ ነው የፈራሁት።»

የፈረሱን እግር ቀስ ብለው አወረዱ። «ታዲያ አንቺ እያወቅሽ ኸፈራሽ፣ እኔ ሳላውቅ ብፈራ ምን ይፈረድብኛል?»

ትምህርቴን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ብፈትሸው ለዚህ የሚሆን አላገኘሁም። «አይፈረድብዎትም» አልሁ መጨረሻ ላይ። «ግን የእኔን ፍርሃት ምስክር አያድርጉት። ያፈርሁበት ነገር ነው። ወይዘሮ አንጓች እየከፈሉበት ነው።»

በጋቢያቸው ጫፍ እጃቸውን ጠረጉ። ፈረሱ ጭራውን ያወናጭፋል።

«ትናንት ያየሁት ያንቺን እግር ነው» አሉ። «የአንጓችን እግር አላየሁም። ጨርሼ አይቼው አላውቅም፤ ስሸሽ ነው የኖርሁት። እስቲ ሂዱ፣ ቅደሙ፤ እመጣለሁ።»

ያው ቤት፣ እኩለ ቀን

መጡ። በአገውኛ ጠየቁ፤ በላይነሽ አሁን እውነቱን ተረጎመችልኝ፦ «እግርሽን አሳዪኝ» ነው ያሉት። ወይዘሮ አንጓች ጫማቸውን ፈቱ፣ ካልሲያቸውን አወለቁ። እግሩ ወፍራም ነው፣ ቆዳው እጥፋት እጥፋት አለው። ግን ንጹሕና ደረቅ ነው፤ በቅባት ያበራል። አያ ፈንታ ጎንበስ ብለው፣ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጥፍሩ፣ ሳይቸኩሉ አዩት። ቅድም ኮቴውን ያዩበት አስተያየት ነው።

ወይዘሮ አንጓች ጫማቸውን መልሰው አሰሩ። ከዚያ ተነሥተው ሳፋውን አመጡ። የመጣሁበት ይኸው ነው ብዬ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ጀመርሁ። ሳፋውን ይዘው በፊቴ አለፉ። አያ ፈንታ እግር ሥር አስቀመጡት።

«ኧረ ተይ!» አሉ አያ ፈንታ።

«በሞቴ!» አሉ ወይዘሮ አንጓች።

አያ ፈንታ የቀኝ እግራቸውን አወጡ። የወይዘሮ አንጓች እጅ ሲነካው የእግር ጣቶቻቸው ሲጨበጡ አየሁ፤ ፈርተዋል። እሳቸውም እንደ እኔ ፈርተዋል። እግራቸው ግን ሳፋው ውስጥ ቆየ። ስመኝ ውሃ አፈሰሰች፤ እናትየው በጣቶቹ መካከል አንድ ሳይቀር አጠቡ፤ ከዚያ ግራውን። አብሰው ሲጨርሱ አያ ፈንታ በአማርኛ፣ ምናልባት እኔም እንድሰማው ይሆናል፣ «ሽማግሎቹ ኸጾሙ በኋላ ይመጣሉ» አሉ። ስመኝ ጆጉን ጥላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ወይዘሮ አንጓች እንደ ተንበረከኩ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

እኔ የአንድ እግሬን ጫማ ፈትቼ ተቀምጫለሁ።

«እናቴ» አልሁ፣ «እኔንም…»

ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም። ትናንት ውሃው ፈልቶባታል ያሉበት ፊት ነው።

«ተይው ልጄ፣ ጫማሽን አታውልቂ» አሉኝ። «ያገራችን ብርድ አይቻልም።»

ደጅ ፀሐይዋ ግንባር ትበሳለች። ማሰሪያዬን መልሼ አሰርሁ።

እሑድ፣ ወደ ባሕር ዳር

እንጅባራ መናኸሪያ ያው ሾፌር፣ ያው መኪና ገጠመኝ። ካልጠፋ ቦታ ጋቢና አስቀመጠኝ። ዳንግላ እስክንደርስ ጫማዬ ላይ የደረቀውን ቀይ ጭቃ ሳይ ቆየሁ።

«እሺ፣ መምህሯ» አለኝ በመጨረሻ እየሳቀ፣ «ቦታው ድረስ ሄደሽ አየሽው። ይጋባል፣ አይጋባም?»

«አይጋባም» አልሁት።

«አ?» አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ እኔም ድምፄን ከፍ አላደረግሁም።

«አይጋባም» ብዬ ደገምሁለት። ወደ ኋላ ግን አልዞርሁም።