«ዜሮ» ባዩ ቶራብ አሊ

ከግድግዳው ማዶ ይመጣ የነበረው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። መጀመሪያ ረጭ ያለ ዝምታ፤ ቀጥሎ እንደ ጅራፍ የሚጮኽ «ዜሮ!»፤ ከዚያ የሴኮንድ መቁጠሪያው ቀጭ ሲል። በብራህማፑትራ ወንዝ ዳር ባለው ኮሌጃችን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር የሒሳብ ትምህርቱን ረስተን እንተያያለን። ከወዲያኛው ክፍል፣ ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ የዕቃ ጠባቂው ቶራብ አሊ ታላላቆቻችንን ዜሮ እየሰጡ የሚያዋርዷቸው ይመስለን ነበር።

ቶራብ አሊ የተወለዱት ወንዙ መካከል ባለ የአሸዋ ደሴት ላይ ነው። ደሴቲቱን ጎርፍ ሲወስዳት ገና በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የመሻገሪያ ጀልባ ቀዛፊ ሆኑ። አንድ ቀን ለኮሌጁ የመጡ የሚዛንና የመነጽር ሣጥኖችን አሻገሩ። ሣጥኖቹን ተሸክመው ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት አልወጡም። የተማሩት እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ያም ሆኖ የትኛው ሚዛን በየትኛው ወቅት እንደሚያዘነብል፣ የትኛው ማስመሪያ ጫፉ እንደተበላ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ደግ ሰው ነበሩ ብል እዋሻለሁ። አንድ ልጅ የሚዛን ድንጋይ ሲጥል ካዩ፣ «ወደ ታች እንደሚወድቅ እናውቃለን እኮ፤ ማስረጃ ማን ጠየቀህ?» ይሉታል። ሚዛኑን በጥፍሩ የነካውን ደግሞ፣ «ሽንኩርት ልትገዛ ነው የመጣኸው?»

ሁለተኛ ዓመት ስንገባ ኤኽላስ የሚባል ወጣት መምህር ከዋና ከተማው ከዳካ መጣ። እኛም ገና ቤተ ሙከራውን ሳንለምድ ማመልከቻ ጻፍን፤ «ጠባቂው ዜሮ እያለ ክብራችንን ይነካል» የሚል። አሥራ ሁለታችንም ፈረምን፤ የእኔ ስም ሦስተኛው ነበር። ኤኽላስ ሽማግሌውን እኛው ፊት አቆማቸው።

«ስማ ቶራብ፣ እዚህ ቤት ውጤት የምሰጠው እኔ ነኝ። አንተ ዕቃ ታመጣለህ፣ ዕቃ ትመልሳለህ። ከዛሬ ጀምሮ ተማሪ ፊት አፍህን ከከፈትህ ዱላ ይዘህ በር ላይ ትቆማለህ።»

«እሺ ሰር።»

«ለመሆኑ ዜሮ ዜሮ የምትለው ምን ሆነህ ነው?»

«አፍህን ዝጋ አሉኝ አይደል ሰር? ዘጋሁ።»

ሳቅን። ዓመቱን ሙሉ ግን አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

የዓመቱ ዋና ሙከራ ፔንዱለም ነበር። የነሐስ ድብልብል በአንድ ሜትር ክር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሃያ ውዝዋዜ የፈጀውን ጊዜ ይዘህ የመሬት ስበት የሚሰጠውን ሽምጠጣ፣ ማለትም የፍጥነት ጭማሪ፣ ታሰላለህ። መልሱን ሁሉም ሰው በቃሉ ያውቀዋል፤ በሴንቲሜትር ሲሰላ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ። የእኛ ግን ሁልጊዜ አንድ ሺህ ሰማንያ አራት ይመጣል። ኤኽላስ ወደ ጠረጴዛው ስለማይቀርብ መላ አገኘን። ከመልሱ ተነስተን ወደ ኋላ እያሰላን ሠላሳ ስምንቱን ሴኮንድ አርባ ብለን እንጽፋለን። እሱም ቢሮው ሆኖ «በጣም ጥሩ» እያለ ይፈርምልናል።

የፈተናው ቀን ከፈተና ቦርድ የመጣው ፈታኝ ኋላችን ቆሞ የእኛን ቆጠራ እየተከተለ በራሱ ሰዓት ያዘ። ሦስት ደብተር ካገላበጠ በኋላ መነጽሩን አወለቀ።

«ዓይኔ ያየው ሠላሳ ስምንት፣ እጃችሁ የጻፈው አርባ። ዕቃው ተበላሽቶ ከሆነ ጠባቂው በፊርማው ያረጋግጥና በሌላ ዕቃ እደግማችኋለሁ። ካልሆነ አጭበርብራችኋል፤ አሥራ ሁለታችሁም ወድቃችኋል።» ይህን ብሎ ምሳውን ሊበላ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቤት ሄደ።

ኤኽላስ እዚያው ቆሞ «ክሩ ላልቶ ነበር» የሚል ወረቀት ጻፈና ለቶራብ አሊ ገፋ አደረገላቸው። «ፈርም።»

ቶራብ አሊ ወረቀቱን ትተው ማስመሪያውን አነሡ። ከምስማሩ እስከ ድብልብሉ ወገብ ለኩ። ልክ አንድ ሜትር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ ሦስተኛው ፈራሚ! ና ቁጠር።»

ፊቴ ጋለ። እሳቸው ድብልብሉን ሲለቁት እኔ «አንድ» አልኩ። ወዲያው በመዳፋቸው ቀለቡት።

«ምኑ ሄደና ነው አንድ? መቅዘፊያህን ገና ውኃ ሳታስነካ አንድ ቀዘፍኩ ትላለህ? ሲለቀቅ ዜሮ ነው፤ ሄዶ ሲመለስ አንድ። እናንተ ሃያ ብላችሁ ሰዓቱን ስትዘጉ እሱ የሄደው አሥራ ዘጠኝ ነው፤ መሃይም ሁላ!»

የኤኽላስ ጆሮ ቀላ።

«ዓመቱን ሙሉ እያየህ ዝም አልክ?»

«አዘዙኝ፤ ታዘዝኩ። ከእነዚህ መካከልስ ዜሮው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ አለ?» ዓይናቸው ውስጥ ደስታ ነበረ፤ አልደብቅም።

ኤኽላስ ወንበር ሳበላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አላቸው፤ ስማቸው ላይም «ሚያ» የሚለውን የአክብሮት መጠሪያ ጨመረ።

«ቶራብ ሚያ፣ ይስሙኝ። ይህችን ከፈረሙ ልጆቹ ይድናሉ። እርስዎም ጡረታዎ እስኪደርስ ከዕቃዎ ጋር ነዎት፤ እንዳሻዎ ይጩኹ። ካልፈረሙ ግን ከሰኞ ጀምሮ በር ላይ ነዎት። ትንሽ ነገር ናት።»

«ክሩ ላልቶ ነበር?»

«እንዲያው ለወረቀቱ ያህል።»

«አላላም።»

እኔ ተንበረከክሁ ማለት ይቻላል። «ቻቻ፣ አጎታችን አይደሉ? ለአንድ ክር ብለው አሥራ ሁለት ሰው ሊቀብሩ ነው?»

«ዛሬ ቻቻ ሆንኩ? የዛን ቀን ክብር ነኪ ነበርኩ። እናንተ ያላያችሁትን ጽፋችሁ ፈረማችሁ፤ ሁለት ጊዜ። እኔ አንድ ጊዜም አልፈርም።»

«ድሮስ ከጀልባ ቀዛፊ ምን ይጠበቃል!» አልኩ። ይህን ያለው ሌላ ሰው ቢሆን ምንኛ በወደድሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ ልናገር። ሁላችንም ወደቅን፤ በዓመቱ ደግመን ተፈተንን። ኤኽላስ ወደ ዳካ ተዛወረ። ቶራብ አሊ በዝናብም በፀሐይም አራት ዓመት በር ላይ ቆሙ። እኔ በዚያው ኮሌጅ መምህር ሆኜ ስመለስ በሩን ይከፍቱልኝ ነበር፤ ሰላምታዬን ግን አንድም ቀን አልመለሱም። እኔም አልቀየምኳቸውም።

የዚያን ዕለት ስድቤን እንደሰሙ ድብልብሉን ከምስማሩ አወረዱ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት፣ ክሩን ሳይቸኩሉ ጠቅልለው ከሣጥኑ ከተቱት። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው። የፈታኙ ጫማ ከኮሪደሩ ይሰማል።

«ቶራብ ሚያ!» አለ ኤኽላስ። «እባክዎ!»

ሽማግሌው ያገለደሙትን ሉንጊ ከወገባቸው ላይ አጠበቁ። በመካከላችን፣ ማንንም ሳያዩ፣ ደህና ዋሉም ሳይሉ ወጡ።