ያልረገፈ ፀጉር

ይህን እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላውን ሁሉ ስዘረዝር ይህን ብቻ ዘልዬዋለሁ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣ ቱሉ ዲምቱ ካለው ቤቴ ተቀምጬ ለእናንተ ለማታውቁኝ እጽፈዋለሁ።

ለረጅም ዓመታት የካንሰር ሐኪም ነበርኩ። ሐኪም ሆኜ በጣም ያንገበገበኝ የመድኃኒት ነገር ነው። በሽታውን አውቀዋለሁ፣ የሚያስፈልገውን መድኃኒትም አውቀዋለሁ፤ መድኃኒቱ ግን የለም። ተገኘ ሲባልም ጥራቱ አያስተማምንም። ስለዚህ መድኃኒት የሚቆጣጠር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲጠራኝ ነጩን ጋውን አውልቄ ሄድኩ። ብዙ ሰው ለሥልጣን ብሎ ነው አለኝ። ያኔ ውሸታቸውን ነበር። በኋላ እውነት አደረግሁላቸው።

ስሰናበት ከታካሚዎቼ ሁሉ አጥብቀው የመረቁኝ ወይዘሮ ጫልቱ ናቸው። አቃቂ በሰቃ ሳድግ፣ አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሚሠራበት ዘመን፣ ወተት የሚያመጡልን እሳቸው ነበሩ። ጡታቸው ላይ እብጠት ሲያገኙ ሌላ ሐኪም አላዩም፤ ልጃቸውን ሌንሳን አስከትለው ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። አከምኳቸው። ፀጉራቸው አንድ ሳይቀር ረገፈ፣ ሰውነታቸው ከሳ፣ ግን ተነሡ። «እንግዲህ ከላይ ሆነህ ጠብቀን፣ ልጄ» አሉኝ እጄን ይዘው።

መሥሪያ ቤቱ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ የካንሰር መርፌ ከአገር ጠፋ። አንድ አስመጪ ከማናውቀው አምራች አገኘሁ አለ። የላቦራቶሪ ምርመራው ሳያልቅ እንዲገባ ልዩ ፈቃድ ፈረምኩ። ይህን አልደብቅም፤ ግን ጥፋቴ ይህ ፊርማ አይደለም። ሰው እየሞተ ነበርና ዛሬም ምናልባት እፈርመው ይሆናል። ጥፋቴ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ሲስተር ትርሲት አብራኝ ስምንት ዓመት የሠራች ነርስ ናት። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠዋት ቢሮዬ ድረስ መጣች።

«ዶክተር፣ የማንም ፀጉር አልረገፈም» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አዲሱን መርፌ ከጀመርን ወዲህ። አንድም ሰው አላስታወከም። የደም ውጤታቸውም ንቅንቅ አላለም። ታካሚዎቹ ለሰውነት የሚስማማ መድኃኒት መጣልን ብለው ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን ፈራሁ።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ይህ መርፌ ነቀርሳውን ሲመታ ጤነኛውንም ሰውነት ይነካል። ፀጉር ይረግፋል፣ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። አንድ ሰው ላይ ላይታይ ይችላል። ሁሉም ላይ ካልታየ ግን ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር መድኃኒት አይደለም። ሌላ ሹም ቢሆን ላይገባው ይችል ነበር። እኔ ግን ገባኝ። ተናግራ ሳትጨርስ ገባኝ።

ታዲያ ምን አደረግሁ? «ሪፖርቱን እዚህ አስቀምጪልኝ፤ አየዋለሁ» አልኳት። ወጣች። እኔም ሪፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ለምን? ብከለክለው ታካሚዎች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ምን ዓይነት ውሸት ነው? ባዶ ብልቃጥ ከባዶ እጅ በምን ይሻላል? እውነቱ ይህ ነው፦ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም የኔ ነበር። በዚያው ወር የዳይሬክተርነት ሹመቴ ሊጸድቅ ነበር። ትንሽ ይቆይ አልኩ። ሹመቱ ይጽደቅና እመረምረዋለሁ አልኩ። እኔ፣ አንድ ሳምንት መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ለስንቱ ቤተሰብ ያስረዳሁ ሰው፣ ትንሽ ይቆይ አልኩ።

ትርሲት ግን አልቆየችም። ሁለተኛ መጣች፤ ስብሰባ ላይ ናቸው አስባልኩ። ከዚያ ለበላይ ጻፈች። ደብዳቤዋ መልስ እንድሰጥበት ወደ እኔ ተመራ። እኔም ጻፍኩ። ችግሩ የመድኃኒቱ ሳይሆን የአያያዝ ነው፣ ክፍሉ በተገቢው ቅዝቃዜ አላስቀመጠውም ብዬ ጻፍኩ። ፍሪጁን ሄጄ አላየሁም። ማየትም አላስፈለገኝም፤ ትርሲት ጠዋትና ማታ ሙቀቱን በእጇ እንደምትመዘግብ አውቃለሁ፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያ ተጽፎባት ከካንሰር ክፍል ወደ ካርድ ክፍል ተዛወረች። እኔ ተሾምኩ።

በዚያው ሰሞን እሑድ ዕለት በሰቃ ሄጄ ወይዘሮ ጫልቱን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በሽታው ተመልሶባቸው በአዲሱ መርፌ እየታከሙ እንደሆነ አልሰማሁም ነበር። ነጠላቸውን ከራሳቸው ገለጥ አደረጉ።

«እየው እስቲ! ዘንድሮ ፀጉሬ አልከዳኝም» ብለው ሳቁ።

ያን ጊዜ ክንዳቸውን ይዤ ሐኪም ቤት ልወስዳቸው እችል ነበር። «ይህን መርፌ ያቁሙ» ማለት እችል ነበር። «ተመስገን ነው» አልኳቸው። ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ።

መርፌው በመጨረሻ በሌላ ባልደረባዬ እጅ ተመረመረ። ውስጡ መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። «ለጥንቃቄ ሲባል» ተብሎ በጸጥታ ተሰበሰበ። ትርሲት ላይ የጻፍኩት ደብዳቤ ግን አልተሰበሰበም።

ወይዘሮ ጫልቱ ዓመቱን አልጨረሱም። ለቅሶው ላይ ሰዎች «እንደ እናቱ ነበር የሚያያት» እያሉ ከፊት አስቀመጡኝ። ተቀመጥኩ። ትክክለኛው መድኃኒት ቢሰጣቸው ይድኑ ነበር? አላውቅም። አለማወቄንም መከላከያ አላደርገውም፤ እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ትርሲትን ፈልጌ አገኘኋት። አቃቂ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። የመጣሁበትን ነገርኳት። እያዳመጠች ጓንቷን አወለቀች።

«እኔን ይቅር በይኝ ካሉኝ እሺ እላለሁ» አለች። «ግን መጀመሪያ የጻፉት ውሸት መሆኑን ጽፈው ለመሥሪያ ቤቱ ይስጡ። ከዚያ ሌንሳ ዘንድ ይሂዱ። የሷን ይቅርታ እኔ ልሰጥዎት አልችልም።»

በማግሥቱ ጻፍኩ። ፈርሜ መዝገብ ቤት አስገባሁ። የተቀበለችኝ ወጣት ምን እንደሆነ ሳታነብ ማኅተም መታችበት።

ሌንሳ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። በሩን ስትከፍት ደስ ብሏት «ዶክተር! ይግቡ፣ ይግቡ» አለችኝ። አልገባም አልኩ። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ የመርፌውንም፣ የሪፖርቱንም፣ የዚያን እሑዱንም።

«እማዬ ታውቅ ነበር?» አለች።

«አያውቁም ነበር።»

«እርስዎስ?»

«አውቅ ነበር።»

አልጮኸችም፤ አልሰደበችኝም። ሲያዩኝ የነበሩት ዓይኖቿ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። «እንግዲህ ይሂዱ» አለችኝ።

ደረጃውን ስወርድ «ይቅርታ» የምትለዋን ቃል አለመናገሬ ትዝ አለኝ። ልመለስ ብዬ ቆምኩ። ተመልሼ ብናገራት የምታርፈው እሷ ናት ወይስ እኔ? አልተመለስኩም። አክብሬያት ይሁን ፈርቻት አላውቅም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ፤ ዝም ያላለችውንም አስቀጣሁ።