ከትከሻ ጀርባ የሚቆመው

ባለቤቴን ሰፈሩ «ምሶሶ» ይለዋል። አንገቱን ብቻ ማዞር ስለማይችል መላ ሰውነቱን ይዞ ይዞራል፤ እነሱ ኩራት ይመስላቸዋል። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት ግድግዳ ይዞ ግማሽ ሰዓት የሚታገል ሰው በምን አቅሙ ይኮራል? ወገቡ ከወጣትነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሲንቀሳቀስ ይለቀዋል፤ ስለዚህ ሁለታችንም ነገሬ ሳንለው ኖርን።

ሥራችን ፎቶ ቤት ነው። እኔ ባንኮኒው ጋ ደንበኛ እቀበላለሁ፤ እሱ ከመጋረጃው ወዲያ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ያረጁ፣ የተቀደዱ፣ ውሃ የነካቸው ፎቶዎችን ያድሳል። በዚህስ አላማውም፣ እጁ ወርቅ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ቀኝ ዓይኑ ቀላ። ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ገዛ፤ ሻል አለው፣ ተመልሶ ባሰበት። ብርሃን ይወጋው ጀመር። መስኮቱን በካርቶን ደፈነ፣ አምፖሉን አወለቀ።

«የሌሊት ወፍ ሆንክ እኮ» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጠራኝ። የሙሽሮች ፎቶ ከፍቷል።

«ከሙሽራው ጀርባ የቆመው ማን ነው?»

«ማንም የለም።»

«ጥላ ነገር አለ። ትናንት ያደስኩት የአንዲት ነርስ ፎቶ ላይም ነበር። ሁሉም ላይ ይቆማል።»

ታከም ብለው፣ «ሐኪም ሥራ አቁም ነው የሚለኝ» አለና ዘጋኝ። ጥፋቴን አልደብቅም፤ ስለፈራሁ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ጥላውን ማጥፋት ሥራው ሆነ። ቢያጠፋው ቢያጠፋው አይጠፋም፤ ዓይኑ ሲንቀሳቀስ እየሸሸ ሌላ ትከሻ ጀርባ ይቆማል።

ሦስተኛው ወር ላይ አንዲት መምህርት የእናቷን የታደሰ ፎቶ ልትወስድ መጣች። ደጋግማ አየችው።

«እህቴስ?» አለች።

«የቷ እህትዎ?»

«ከእናቴ ጀርባ የቆመችው። በአራት ዓመቷ ነው የሞተችው። ሌላ ፎቶ የላትም።»

ዋናውን ፎቶ ከፖስታው አወጣሁ። ልጅቷ አለች፤ ደብዝዛለች እንጂ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማለች። ባለቤቴ ከመጋረጃው ወጥቶ ፎቶውን ተቀበለኝና አፍጥጦ ቆየ።

«ሁለት ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ልጅቷ የቷ ናት?»

መምህርቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። የዚያኑ ሰዓት ሱቁን ዘግቼ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ዶክተሯ ዓይኑን በመሣሪያ አየችና ስለ ወገቡ ጠየቀችው። «ጠዋት ይይዝዎታል? ሲንቀሳቀሱ ይለቅዎታል?» እሱ አንቺ ነሽ የነገርሽብኝ በሚል ዓይን አየኝ። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ አካሉን እንደሚያጠቃ፣ ወገቡን ያደረቀው ይኸው እንደሆነ፣ አሁን ዓይኑ ውስጥ መግባቱን አስረዳችን። ጥላው ከተቆጣው ዓይን የወጣ፣ እዚያው ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር ነው። ብሌኑንም በስክሪን አጉልታ አሳየችን፤ ክብነቱ ቀርቶ ጠርዙ ተጨማድዶ ተጣብቋል።

«ዘግይታችኋል» አለች። «ቀኙ እንደ ድሮው አይሆንም። ግራውም ላይ ሊነሳ ይችላል። ከተነሳ በዚያው ዕለት ኑ፤ አትደሩ።»

በጠብታውና በክኒኑ ቅላቱ ጠፋ። ጥላ መስላው ያጠፋትን ልጅም በግራ ዓይኑ ብቻ እያየ ፎቶው ላይ ወደ እናቷ መለሳት። ቀኙ ግን እንፋሎት እንደነካው መስታወት ሆኖ ቀረ። ኑሯችን ሁሉ አንድ ዓይን ላይ ተንጠለጠለ። እኔ በየማለዳው ያንን ዓይን ሳላይ ፊቴን አልታጠብም፤ እሱ ደግሞ እንደማየው ስለሚያውቅ ይናደዳል። ዓይኑ ቢያመው ይነግረኛል የሚል እምነት አልነበረኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ስነቃ ከጎኔ የለም። ሳሎን ተቀምጦ፣ ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሠርጋችንን ፎቶ በግራው ያያል።

«ነይ እስቲ። ስንት ሰው ይታይሻል?»

ፎቶው ላይ እኔና እሱ ብቻ ነን። እያወቅሁ ቀርቤ ቆጠርኩ።

«ሁለት» አልኩት።

መዳፉን ከቀኝ ዓይኑ ላይ አወረደ።

«በይ ልበሺ፤ አትደሩ ተብለናል» አለኝ።

ወገቡ ስለማይታጠፍ ጠዋት ጠዋት ጫማውን የማስርለት እኔ ነኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ሁለቱንም አስሮ ጨርሷል።