ጋሼ የመረጧቸው የቅዳሜ ፈረሶች

አርብ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ጋዜጣቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉ እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ቅዳሜ ብዙ ፈረስ እንደሚሮጥ ብቻ ነበር። ዶርትሙንድ ሩጫ አለ፣ ሙኒክ አለ፣ ባሕር ማዶ እንግሊዝ አገር ደግሞ ሦስት ቦታ አለ። ገጹ ቁጥር በቁጥር ነው። አንዱ የፈረሱ ዕድሜ፣ አንዱ የሚሸከመው ኪሎ፣ አንዱ የሚነሣበት በር፣ ሌላው ከዚህ በፊት ስንተኛ እንደወጣ። ጋሼ ይህን ሁሉ በማጉያ መነጽር እያዩ ለየሩጫው አንድ አንድ አሸናፊ ይመርጣሉ። ገንዘብ ግን አያስይዙም። ሟች ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ አስምለዋቸው ነበርና እስከ ዛሬ መሐላቸውን አላፈረሱም። መምረጥ መሐላው ውስጥ አልገባም ይላሉ።

እኔ የምሠራው አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ በሚንከባከብ ድርጅት ውስጥ ነው። ቋንቋቸውን ስለምችል ጋሼን ለእኔ ሰጡኝ። እዚህ ፍራንክፈርት፣ ከምኖርበት ከግሪስሃይም እሳቸው ሰፈር ኒደርራድ እየሄድኩ የደም ግፊታቸውን እለካለሁ፣ መድኃኒታቸውን እደረድራለሁ፣ ያንን እግር የሚያጠብቅ ካልሲ ስናወልቅና ስናጠልቅ እንጨቃጨቃለን። ትዕግሥት ብዙ አልተሰጠኝም፤ ለእሳቸውም አልተሰጣቸውም። ስለዚህ ተስማምተናል።

በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው የቀሩ ሰው ናቸው። ተማሪ ሳሉ ቅዳሜና እሑድ እዚያው ኒደርራድ በነበረው የፈረስ መሮጫ ፈረስ ያጥቡ፣ ውሃ ያጠጡ ነበር። ኋላ መሐንዲስ ሆኑ፣ ጡረታም ወጡ። መሮጫው ዛሬ የለም። እሳቸው ግን ከሰፈሩ አልወጡም፤ አልወጣም ብለውም ነበር።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ እዚሁ የተወለደች፣ ሪድበርግ በሚባለው ሰፈር ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ላቦራቶሪ የምትሠራ። ቤቷም እዚያው ነው። ለአባቷ አንድ ክፍል አዘጋጅታ፣ አልጋ ገዝታ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የእጅ መያዣ ብረት አስተክላ ትጠብቃለች። አባቷ አእምሯቸው እየከዳቸው ነው ብላ ፈርታለች። በጸደይ ጉዳዩን ስታነሣባቸው «ከዚህ ቤት ሬሳዬ ነው የሚወጣው» ብለው ዘጉባት። እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ወገንኩ። ለእሳቸው ብቻ ብዬ አይደለም። በዚህ ከተማ እየሳቀ የሚቆጣኝ ሰው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ከሄዱ ምን ይውጠኛል ብዬም ነው።

ግን አእምሯቸው በእርግጥ ከድቷቸው ይሆን? እኔ እንጃ። ሐኪም ዘንድ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ያለ አንዳች ይሉኝታ «ዓመቱ ስንት ነው?» አላቸው። ጋሼ የእኛን ዓመት ነገሩት። ሐኪሙ ቅንድቡን አነሣ። «ዛሬስ ቀኑ ምንድን ነው?» ሲላቸው «ሚካኤል ነዋ!» አሉት። ሐኪሙ ጻፈ። እኔ መሐል ገብቼ የዘመን አቆጣጠራችን ይለያል፣ ቀኑም በእርግጥ ሚካኤል ነው ብዬ ባስረዳ፣ ሐኪሙ ይባስ ብሎ እኔን በጥርጣሬ ያየኝ ጀመር። ትራም ውስጥ «ጋሼ፣ አውቀው ነው እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁ ብቻ። ሐኪሙን ሊያሾፉበት ይሁን ወይም የፈረንጁ ዓመት በእርግጥ ጠፍቷቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደግሜ እንዳልጠይቅ፣ ትልቅ ሰውን «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብሎ መፈተን የኔ አፍ አይችለውም።

ይህን አርብ ጠዋት ለልጃቸው በስልክ ነገርኳት። «አልዞ፣ እኔም ግራ ገባኝ» አለች፣ እንደ ልማዷ ጀርመንኛ እየቀላቀለች። «ፈረስ ላይ ግን የእናንተ ዓመት፣ የእኛ ዓመት የለም። ነገ ከሰዓት እኔም እመጣለሁ። አንቺ ዛሬ ሲመርጥ ስሚው። ሎጊሽ ከሆነ፣ ሐሳቡ ሐሳብ ከሆነ፣ ይቆይ። ካልሆነ ሰኞ ኡምሱግ ነው፤ ዕቃውን እናነሣለን።»

እንግዲህ አስቡት፤ ፈረስ በሥዕል ካልሆነ በደንብ አይቼ የማላውቀው የአዲስ አበባ ልጅ የሰው አእምሮ በፈረስ እንድመዝን ታዘዝኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ጋሼ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «ይቺን ተመልከቺ። ሰው ሁሉ የሚያየው ሁለት ጊዜ በተከታታይ ማሸነፏን ነው። ያሸነፈችው ግን በደረቅ ሜዳ ነው። ዶርትሙንድ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ሰነበተ። ጭቃ ላይ አትሮጥም።»

«ታዲያ ማን ያሸንፍ?»

«ይኼ ዳማው ነዋ! ባለፈው አራተኛ ሲወጣ ከባድ ኪሎ አሸክመውት ነው። ነገ አምስት ኪሎ ቀንሰውለታል። በዚያ ላይ ጋላቢው አጨራረስ ያውቃል።»

ዳማ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ስጠይቃቸው ተናደዱ። ዳማ፣ ቦራ፣ አምባላይ እያሉ አብራሩልኝ፤ ከቀለሙ ሁሉ የያዝኩት አምባላይ ነጣ ያለው መሆኑን ብቻ ነው። ንግግራቸው ግን ውሃ የሚቋጥር መሰለኝ። ደግሞ መለስ እልና፣ ደላላም እንዲህ አሳምሮ ይናገራል እኮ፣ ምኑን አውቄ እመሰክራለሁ እላለሁ። ደስ ሲለኝ፣ ስጠራጠር፣ ሦስት ሩጫ አለፈ።

አራተኛው ላይ ደረሱና ፊታቸው በራ። «የዚችን እናት አውቃታለሁ» አሉ። «በዚህ እጄ ነው ውሃ ያጠጣኋት።»

ማጉያውን ተቀብዬ አየሁ። ፈረሷ የሦስት ዓመት ናት። ጋሼ ፈረስ ውሃ ያጠጡት እኔ ሳልወለድ፣ ልጃቸውም ሳትወለድ ነው። ይህን ለልጃቸው እንዴት እነግራታለሁ እያልኩ ማጉያውን መለስኩላቸው።

«አንቺም ምረጪ እንጂ» አሉኝ።

«ከሦስተኛው ሩጫ ያንን አምባላይ።»

«ለምን?»

«ነጭ ስለሆነ።»

«ፈረስ ነው ቀሚስ የምትመርጪው?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁብኝ።

ቅዳሜ ልጃቸው ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ጋሼ ኮት ለብሰው፣ ከራቫት አስረው ጠበቋት። ሦስታችንም ሶፋው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፤ ጋሼ መሐል ናቸው። ሩጫው ሲጀመር ያቺ ጭቃ ላይ አትሮጥም የተባለችው ጭቃውን እየበተነች አንደኛ ወጣች። ዳማው ከኋላ ሦስተኛ ሆነ። ልጅየዋ በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። በሁለተኛው ሩጫ የመረጡት ፈረስ ከነጭራሹ መነሻው በር ውስጥ አልገባም ብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ያ ቀሚስ የተባለው አምባላይ ሁሉንም ጥሎ ገባ፤ እኔ ሞኟ ብድግ ብዬ እልል አልኩ። ወዲያው አፈርኩ። ማሸነፍ የጤነኛ አእምሮ ምልክት ከሆነ እዚያ ቤት ውስጥ ጤነኛዋ እኔ ነኝ ማለት ነው።

«ፓፓ» አለች ልጅየዋ፣ «ሁሉንም አልተሳሳትክም?»

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? ስሌትም እንደዚያው ነው። አንቺ ላቦራቶሪ ውስጥ ያሰብሽው ሁሉ ይሆንልሻል?»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። እኔም ትንሽ ተነፈስኩ። ግን አራተኛው ሩጫ መጣ፤ ያንኑ የፈራሁትን ነገር ደገሙት። «የዚችን እናት አውቃታለሁ።»

«ፓፓ! ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነ እኮ። ፈረስ እንደዚያ አይኖርም።»

ጋሼ ግራ ተጋብተው አዩን፤ ግራ የተጋባነው እኛ መሆናችን ሲገባቸው ጭራሽ ተቆጡ። «እናት ስል የወለደቻትን ብቻ መሰላችሁ? በእናት በኩል ሰባት ቤት ቆጥሬ ነው! አንቺ የራስሽን ሰባት ቤት አትቆጥሪም፤ የፈረሷንማ ከየት ታውቂዋለሽ?»

ልጅየዋ ክርክር ውስጥ አልገባችም። ላፕቶፑን ወደ ራሷ ስባ የፈረሷን ዘር ፈለገች። እናቷን፣ የእናቷን እናት፣ እንዲያ እያለች ወደ ኋላ ወጣች። ሰባተኛዋ ላይ ቆመች። ያቺ ፈረስ ፍራንክፈርት፣ ኒደርራድ ሮጣለች፤ ዓመቱም ጋሼ ተማሪ የነበሩበት ነው። «ሽቲምት» አለች ቀስ ብላ። «ልክ ነው።» ይህን ስንመረምር ሩጫው አልቆ ኖሯል፤ የሰባት ቤቷ ልጅ ከመጨረሻዋ ቀድማ ገብታለች። ማንም ግድ አልሰጠውም።

ልጅየዋ ላፕቶፑን ዘጋች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ፊቷ ግን ፈክቷል። «ጉት፣ እሺ» አለች። «ሪድበርግ ይቅር። እዚሁ ትኖራለህ፣ ፓፓ። ይህን ነገር ሁለተኛ አላነሣም።» ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ተነሥቼ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰብኩ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እኔ እበልጥዎታለሁ እያልኩ መቀላለድ ጀመርኩ።

ጋሼ ከራቫታቸውን ፈቱ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። «ሐሙስ ዕለት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ መንገዱ ጠፋኝ። ሊዮነር ሽትራሰ፣ ሃምሳ ዓመት የሄድኩበት መንገድ። ትራም ፌርማታው ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሌላው ይመጣል። ቤቴ በየት በኩል እንደሆነ ሰው ልጠይቅ ብዬ፣ ምን ብዬ ልጠይቅ? የቤቱ ቁጥር አልመጣልኝም። ከላይ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ በዚያ ስታልፍ ባላያት ኖሮ እዚያው እመሽ ነበር። ዝም ብዬ ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኳት። በሩ ላይ እስክትደርስ ድረስ ቤቴን አላወቅሁትም።»

ልጃቸው እጃቸውን ያዘች። የኔ ጉንጭ እንደ እሳት ጋለ። ይህን ያህል ጊዜ ስመዝናቸው የከረምኩት ከቶ ባልጠፋባቸው ነገር ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሐኪሙ ዓመቱን ጠየቀኝ። አንቺ ሁልጊዜ ሎጊሽ ይሁን አይሁን ትያለሽ። ይህቺም ትናንት ከሰዓት ሙሉ ስለ ፈረስ ስትመረምረኝ ዋለች፤ የማይገባኝ መስሏት። ፈርተሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ልጅየዋ ከሶፋው ወርዳ እግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች።

«ፈርተሃል፣ አባዬ?»

«አዎ፣ ልጄ» አሏት። «ውሰጅኝ።»