ሁለት አጭር ፉጨት

አጎቴ ፈረስ ሲገራ ያየሁትን ባስታወስኩ ቁጥር ምራቄ ይመርረኛል። ፊት ለፊት «ጋሼ» ብዬ አንቱ ስለው ነው የኖርኩት፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣ አለኝ። በአንኮበር ዙሪያ የታወቀ ፈረስ ገሪ ነበር። ከጣርማ በር፣ ከደብረ ብርሃን ድረስ ሰው አልገራ ያለውን ፈረስ እየጎተተ ይመጣለታል።

ሥራው እንዲህ ነው። ሐምሌ ላይ እርሻው ሲላቁጥ ሁለት ጎረምሶች የፈረሱን ጆሮ ጠምዝዘው ይይዙታል። በእጅ ካልሆነላቸው አንደኛው በጥርሱ ይነክሰዋል፤ ሰው የፈረስ ጆሮ ነክሶ ሲያበቃ ፀጉሩን እንትፍ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ አጎቴ የብረት ልጓሙን አፉ ውስጥ ይከትበታል። አሸዋ የሞላ ጆንያ ጀርባው ላይ ይጫናል። ከዚያማ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ በአለንጋ እየተገረፈ ጭቃው ውስጥ ይዞራል። ፈረሱ ደም የቀላቀለ አረፋ እየደፈቀ በጉልበቱ ሲወድቅ፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው ያጨበጭባል። «ተገራ!» ይላል አንዱ። «ተገራ!» ይላል ሌላው። እንግዲህ ጥበብ የተባለው ይኼ ነበር።

«ፈረስ መጀመሪያ ይፍራህ፤ መውደዱ ይደርሳል» ይል ነበር አጎቴ። መውደዱ ሲደርስ አላየሁም። እሱ በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር የገራቸው ፈረሶች ቆዳቸው ይርገፈገፋል። እሱም ይህን አይቶ እንዳከበሩት ይቆጥረውና ደረቱን ይነፋል።

አባቴ ሲሞት አንዲት ባዝራ ትቶልን ነበር። እሷ የወለደችው ዳማ ፈረስ ሦስት ዓመት ሲሞላው አጎቴ ወደ ጭቃው አወጣው። ይኼኛው ግን በጉልበቱ አልወደቀም። ጆሮውን የያዘውን ጎረምሳ ረግጦ፣ ጆንያውን ጥሎ፣ ልጓሙን እንደጎረሰ ጠፋ። ከብዙ ቀን ፍለጋ በኋላ ሲገኝ ብረቱ መንጋጋውን በልቶት ነበር። ይዘው ጥለው ሲያወጡለት መግሉ እጃቸው ላይ ፈሰሰ፤ ሽታው ስንት ቀን ከአፍንጫዬ አልወጣ ብሎ እህል አስጠላኝ። ቁስሉ ድኖ በመንጋጋው ላይ ሰፊ ጠባሳ ትቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያይ ይሸሻል፤ የደረሰበትን ይነክሳል። አጎቴ አፍሮ «አውሬ ነው፣ ጅብ ይብላው» ብሎ ተወው።

እኔ በዚያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሥራ ፈታች ተብዬ ገብሱን ከጭላዳ እንድጠብቅ ተላክሁ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ገደሉ አፋፍ ላይ ወንጭፍ ይዤ መቀመጥ ነው። ሌላ የማየው ስላልነበረኝ የአባቴን ባዝራ ሳይ እውላለሁ።

ሜዳው ላይ ከሚውሉት ፈረሶች ሁሉ አዛዧ እሷ ነበረች። ሳር ካማራት ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጥፍና ታያለች፤ በቃ። ያኛው አንድ እርምጃ ይለቅላታል። በለቀቀላት ቅጽበት ጆሮዋ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ነገሩም ያልቃል። ቂም የለ፣ ድጋሚ የለ። አጎቴ ግን ፈረሱ ከታዘዘው በኋላም ይደግመዋል፤ «እንዳይረሳ» ይላል። ከአጎቴና ከባዝራዋ ማን ሰው፣ ማን ከብት እንደሆነ ያን ጊዜ ግራ ገባኝ።

እሷን እያየሁ ማድረግ ጀመርኩ። ለዳማው ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ፤ አላየውም፣ አልጠራውም። ሲጠጋ ዝም ነው፣ ሲሸሽም ዝም ነው። ስንት ቀን እንዲህ ከርመን አንድ ጠዋት ትንፋሹን ማጅራቴ ላይ ሰማሁት። በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትን የገብስ ቆሎ መሬት ላይ በተንኩለትና ተነስቼ ሄድኩ። ተከተለኝ።

ከዚያ በኋላ የአባቴን የቃጫ ገመድ ይዤ መጣሁ። በቀስታ ሳብ አደርገዋለሁ፤ አንዲት እርምጃ ሲሰጠኝ ወዲያው እለቅለታለሁ። ሌላ ምሥጢር የለውም፤ መልቀቅ ነው። ሰው መያዙን ሁሉ ይችላል፣ የሚያቅተው በጊዜው መልቀቅ ነው። እጄ በወንጭፍ ስለሚያዝ የምጠራው በፉጨት ነበር፤ ሁለት አጭር ፉጨት። ከሜዳው ማዶ ሰምቶ በሶምሶማ ይመጣና፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አፍንጫውን በገዛ ፈቃዱ ከገመዱ በሠራሁት ልባብ ውስጥ ያስገባል። ጠባሳውን በጥፍሬ አክለታለሁ። ጥምቀት ሲደርስ ያለ ልጓም፣ በዚያች ገመድ ብቻ እጋልበው ነበር።

በዚህ የተደሰተ ሰው የለም። ጎረቤቱ ሁሉ «ሰይጣን አላት» አለ። አጎቴ ፉጨቴን በሰማ ቁጥር ይጮህብኛል። «አንቺ! ሴት ልጅ አታፏጭም! ሰይጣን ልትጠሪብን ነው?» የፈረስ ጆሮ በጥርስ ሲነከስ ያልመጣ ሰይጣን በእኔ ፉጨት ሊመጣ።

የካቲት ላይ አጎቴ ከደብረ ብርሃን አንድ ባለጋሪ ይዞ መጣ። ዳማውን ሊገዛ ነው። ሰምቼ እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይተዉት። የአባቴ ባዝራ ልጅ ነው» አልኩት።

«ባዝራዋን ማን ቀለባት? የማዳበሪያውን ብር አባትሽ ከመቃብር ይልክልኛል?» አለና ሳቅ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ደግሞ ያስገዛሽው አንቺ ነሽ። አውሬ ሆኖ ቢቀር ማን ይጠይቀው ነበር? እግዜር ይስጥሽ።»

እውነቱን ነበር።

ፈረሱ ግን አልያዝ አለ። አጎቴ ገብስ ይዞ ቢጠጋው በልኩ ይርቃል፤ ቢቆም ይቆማል። አራት ሰው በገመድ ሊከበው ሞከረ። ገደሉ አፋፍ ድረስ ነዱት፤ ኮቴው ድንጋይ እየናደ ተመለሰ። ግማሽ ቀን እንዲህ ሄደ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ቆሞ ይስቃል። «ስመ ጥሩ ገሪ!» አለ አንዱ። የአጎቴ ፊት ጠቆረ። ላቡን ጠርጎ ወደኔ ዞረ።

«እስኪ ነይ» አለኝ። «አፏጪለት።»

ከብት የሸጠ ሰው በእኛ ዘንድ ገመዱን አይሰጥም፤ ገዱ አብሮ እንዳይሄድ ገመዱን ያስቀራል። ስለዚህ የማጠልቅለት የባለጋሪውን ልባብ ነው። ተቀበልኩት። ናይለን ነው፤ በግራሶና በእድፍ ጠቁሯል፤ የሌላ ፈረስ ፀጉር በደረቀ ደም ተጣብቆበታል። እጄ ላይ ሙጭጭ አለ። እንዲህ ያለ የሚቀፍ ነገር ከዚያ በፊት ነክቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ለራሴ የነገርኩት «እምቢ ብል ገደል ይሰዱታል፣ ባፏጭ ይሻለዋል» የሚል ነበር። ለዓመታትም ይህንኑ ለራሴ ስደግመው ኖርኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። «ሰይጣን አላት» ያለኝ አገር ሁሉ ቆሞ ያየኛል። አጎቴ ያቃተውን እኔ በሁለት ፉጨት ላሳያቸው ነው። ልታይ ብዬ ነው። ለዚህች እይታ ነው የሸጥኩት።

አፏጨሁ።

በሶምሶማ መጣ። አራቱን ሰዎች አልፏቸው መጣ። አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ ናይለኑን አሸተተና አነጠሰ። ራሱን ከፍ አድርጎ አየኝ። ጠባሳውን አከክሁለት። ከዚያ አፍንጫውን ራሱ አስገባ።

ሰዉ አጨበጨበ። «ተገራ!» አለ አንዱ። ያው ጭብጨባ፣ ያው ድምፅ። አጎቴ ከጋማው ጥቂት ፀጉር ነጭቶ ኪሱ ከተተና፣ የአባቴን ገመድ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። «ገዱ እቤት ቀረ» አለኝ። ከበረቱ ጀርባ ሄጄ ሐሞት እስኪመጣ አስመለስኩ።

አሁን ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ ጠባሴ አካባቢ ቤት ተከራይቼ ፋብሪካ እሠራለሁ። በስልኬ አንዳንዴ የውጭ አገር ፈረስ ገሪዎችን አያለሁ። ንጹሕ ባርኔጣ አድርገው፣ ጀርባቸውን ለፈረስ ሰጥተው ይቆማሉ፤ ፈረሱ ሲከተላቸው የተሰበሰበው ሰው እንባውን ይጠርጋል። እምነት ነው፣ መሪነት ነው ይላሉ። የሚያስተምሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ከባዝራዋ የተማርኩት ነው። ግን ፈረሱ ሰው ማመን ከተማረ በኋላ ማን እጅ እንደሚገባ አንዱም ሲያነሳ አልሰማሁም። እዚያ ላይ ስልኩን እዘጋዋለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ካፊያ ነበር። የጋሪ ፈረሶቹ ተርታ ላይ ሁሌ አፍንጫዬን ይዤ ነው የማልፈው። ሽንቱና የበሰበሰ ገለባው አይደለም የሚያስጠላኝ፤ የገጣባቸው ሽታ ነው፤ ያንን መግል ያስታውሰኛል። አንድ ጋሪ አስፋልቱን ይዞ አለፈኝ። ጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ዳማ ነው፤ ዓይኑን ግራና ቀኝ በላስቲክ ቁራጭ ጋርደውታል። መንጋጋው ላይ ጠባሳ አለ።

ሳላስበው አፏጨሁ።

አስፋልቱ መሐል ቀጥ ብሎ ቆመ። ጆሮዎቹ ተነሱ። ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሊያዞር ይታገላል፤ ላስቲኩ አላሳየው አለ፣ የጋሪው እንጨት አላዞረው አለ። ከኋላ የጭነት መኪና ጥሩንባ ለቀቀበት።

«ሂድ! ምን ሆነ ይሄ እርኩስ!» ብሎ ባለጋሪው አለንጋውን አነሳ። ገጣባው ላይ አሳረፈው። ፈረሱ ቆዳው ተርገፈገፈ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ደገመው። ሠለሰው። ይፈልገኛል፤ እስኪያገኘኝ አይሄድም፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት።

«ተው!» ብዬ እየጮህኩ ሮጥኩ። «ተው ወንድሜ! እኔ ነኝ ያስቆምኩት፣ ተሳፋሪ ነኝ!»

አለንጋው አየር ላይ ቀረ። «ታዲያ እጅ አታሳዪም? ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ?» አለኝ። «ግቢ! ወዴት ነሽ?»

የቆመበት ምክንያት ካልተገኘለት ሊገርፈው ነው። ገባሁ። «ፋብሪካው ድረስ» አልኩ።

ተሳፍሬ ጎተተኝ። እንደዚያን ቀን ራሴን የተጸየፍኩበት ቀን የለም። ገጣባው ከፊቴ ነው፤ ዝንቡ ይነሳና ይቀመጣል፤ ዳገቱ ላይ ኮቴው በእርጥቡ አስፋልት ይንሸራተታል። ጆሮዎቹ መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ ወደኔ ዞረው ነበር። አንዲት ድምፅ ይጠብቃል። እኔም ዳግም እንዳያስቆመው ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ፋብሪካው በር ላይ ስንደርስ ፈረሱ እንዳያየኝ በጋሪው በስተኋላ ወረድኩ። ድምፄን እንዳይሰማ ሒሳቡን ዝም ብዬ አቀበልኩ። ጋሪው መታጠፊያውን እስኪያልፍ አጥሩ ሥር ተለጥፌ ቆምኩ፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ ገባሁ።